ተራ ዚንክ፣ አሉዚንክ ወይስ ባለቀለም? ለጅማ ዝናብ የሚሆን የጣሪያ ቆርቆሮ ንጽጽር

ቆርቆሮ ለመግዛት የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጌጁን ነው። «28 አለ? 32ቱ ስንት ገባ?» ጥያቄው ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። ጌጅ የሚነግራችሁ የብረቱን ውፍረት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፤ 28 ጌጅ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ 35 ጌጅ ደግሞ 0.2 አካባቢ። ሰው ሲረግጠው ይጎብጣል ወይ፣ ነፋስ ያንኳኳዋል ወይ ለሚለው መልሱ እዚያ አለ። መቼ ይዝጋል፣ በስንት ዓመቱ መሰላል ታቆማላችሁ የሚለውን ግን የሚወስነው ብረቱ ላይ የተለበጠው ሽፋን ነው። እሱን የሚጠይቅ ገዢ ብዙ አይታይም።

ስለ ጅማ አንድ ነገር እናስቀድም። ከባሕር ሩቅ ነን፤ ቆርቆሮ የሚበላ የጨው አየር የለብንም። ያለብን እርጥበት ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል፤ ድሬዳዋ የዚህን ግማሽ እንኳ አታገኝም። የእኛ ዝናብ ደግሞ ክረምት እስኪገባ አይጠብቅም፤ በልግ ላይ ይጀምርና እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ዚንክ እየረጠበ በየመሃሉ ከደረቀ ከአየሩ ጋር ተዋህዶ ግራጫ መከላከያ ያበጃል። ሳይደርቅ ሲቆይ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ነጭ ዱቄት የሚመስል ዝገት ያወጣና ይበላል። ለዚህ ነው አንድ ጣሪያ ላይ ፀሐይ የሚያገኘው መሃሉ ደህና ሆኖ፣ አቮካዶ ዛፍ ያጠላበት ጥግ ቀድሞ የሚበሳው። ሁለት ቆርቆሮ የተደራረበበትና ቅጠል የተኛበት ቦታም እንደዚያው።

ተራው ዚንክ

ርካሹ ይሄ ነው፤ በየሱቁ አለ፣ ማንኛውም አናጺ ያውቀዋል። ዚንኩ ራሱን እያስበላ ብረቱን ያድናል። ትንሽ ቢጫር እንኳ በአካባቢው ያለው ዚንክ ጭረቱን ይጠብቀዋል። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ችግሩ የዚንኩ መጠን ነው። መጠኑ የሚለካው በካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሆነ ነው፣ የሁለቱም ገጽ ተደምሮ። «ዜድ 275» የተባለው 275 ግራም አለው፤ በአንድ ገጽ ሲሰላ 20 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ይጠጋል። «ዜድ 100» ደግሞ 7 ማይክሮን ብቻ ነው። ሁለቱም 30 ጌጅ ሊሆኑ ይችላሉ። ሱቅ ውስጥ ሁለቱም ያብረቀርቃሉ፣ በዓይን አይለዩም።

አሁን እናስላው። አይሶ 9223 የተባለው ዓለም አቀፍ የዝገት መለኪያ አየሩን በደረጃ ይከፍላል። መካከለኛ በሚለው ደረጃ ዚንክ በዓመት ከ0.7 እስከ 2.1 ማይክሮን ያጣል። ጅማን መካከለኛ ላይ ብናስቀምጣት 7 ማይክሮኑ ከ3 ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ እስከ 10 ዓመት ነው የሚቆየው። 20 ማይክሮኑ ከ9 ዓመት በታች አይወርድም፣ እስከ 28 ዓመትም ሊሄድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ቀዩ ዝገት ይመጣል፤ ወይ መቀባት ነው፣ ወይ መቀየር። እንግዲህ «ዘንድሮ ቆርቆሮ ድሮ የነበረውን ያህል አይቆይም» ሲባል ስትሰሙ፣ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ያለው ይሄ የግራም ጉዳይ ይመስለኛል።

አሉዚንክ

ሽፋኑ በክብደት 55 በመቶ አሉሚኒየም፣ 43 በመቶ ገደማ ዚንክ፣ የቀረው ትንሽ ሲሊከን ነው። ገበያ ላይ የዋለው ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ አዲስ ሙከራ አይደለም። ተመሳሳይ ውፍረት ካለው ተራ ዚንክ ጋር ሲወዳደር በአብዛኛው አየር ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ይቆያል። አሉሚኒየሙ ቀስ ብሎ ስለሚበላ ነው። «ኤዜድ 150» ካገኛችሁ በየገጹ 20 ማይክሮን አካባቢ አላችሁ ማለት ነው፤ ለእኛ እርጥበት ጥሩ ነው።

ጥገናው ትንሽ ነው። ቀለም አይፈልግም፤ ቅጠሉን መጥረግ፣ የላላ ምስማር ማየት፣ በቃ። እኔ ገንዘቡ ኖሮኝ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል እሱን ነው የምመርጠው፣ ውበቱ ባይማርከኝም።

ግን የማይወዳቸው ነገሮች አሉት። እርጥብ ሲሚንቶ አንዱ ነው። ጣሪያው ከተመታ በኋላ ግድግዳ የሚለስኑ ከሆነ፣ የተረጨው ሲሚንቶ ሳይደርቅ ይታጠብ። የመዳብ ሽቦ ወይም ቧንቧ አይንካው። የከብት በረት ላይም አልመክረውም፤ ከሽንቱ የሚነሳው አሞኒያ አሉሚኒየሙን ያጠቃዋል። የተቆረጠ ጠርዙን የመጠበቅ ኃይሉም ከተራው ዚንክ ያንሳል።

ባለቀለሙ

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ሰው ብር የሚያወጣበት እዚህ ነውና። ቀዩን ወይም አረንጓዴውን ኢጋ ቆርቆሮ ስታዩ የምታዩት ከላይ ያለውን ስስ ቀለም ነው። በጣም የተለመደው ፖሊስተር ሲሆን ከነፕራይመሩ (ከቀለሙ ሥር ቀድሞ ከሚቀባው መያዣ ቅብ ጋር) 25 ማይክሮን ቢሆን ነው። ከሥሩ ደግሞ ወይ ተራ ዚንክ አለ፣ ወይ አሉዚንክ። የውስጥ ገጹ ብዙ ጊዜ ስስ ቅብ ብቻ ነው ያለው።

ቀለሙ ጥሩ ሥራ ይሠራል፤ ውሃና አየር ከዚንኩ ጋር በቀጥታ እንዳይገናኙ ያደርጋል። ሥሩ ያለው ሽፋን ደህና ከሆነ ከሦስቱ ረጅም ዕድሜ ያለው ይሄ ነው። ሥሩ 7 ማይክሮን ዚንክ ከሆነ ግን ቀለሙ የሚያደርገው ችግሩን መደበቅ ነው። ዝገቱ ከተቆረጠው ጠርዝ ይነሳና በቀለሙ ሥር ይሄዳል። መጀመሪያ የሚታየው አሸንዳው ጋ ያለው አፍ ላይ ነው፤ ቀለሙ ያብጣል፣ ከዚያ ይላጣል። ይህን ማደስ ከተራ ቆርቆሮ ይከብዳል፤ አሮጌውን ቀለም ሳይፍቁ አዲስ መቀባት ዋጋ የለውምና።

ፀሐዩም አለ። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ በጋ ላይ ፀሐዩ ይበረታል። ፖሊስተር በዓመታት ይደበዝዛል፣ በእጅ ሲነካ ዱቄት ያስቀራል። ይህ መልክን እንጂ ወዲያው ጣሪያውን አይጎዳም። ደማቅ ቀይና ሰማያዊ ቶሎ ያስታውቃል፤ ግራጫና ክሬም ይሸሽጋል። መልኩ ለዓመታት እንዲቆይላችሁ ከፈለጋችሁ ፒቪዲኤፍ የሚባል ቀለም አለ፣ ግን ውድ ነው።

ተራውን ገዝቶ እቀባለሁ የሚልስ?

ይቻላል። ጥሩም ምርጫ ሊሆን ይችላል። ግን አዲስ የሚያብረቀርቅ ዚንክ ላይ ዘይት ቀለም ወይም ተራ አንቲረስት በቀጥታ መቀባት ብር መጣል ነው። በቀለሙ ውስጥ ያለው ዘይት ከዚንኩ ጋር ተዋህዶ ሳሙና የመሰለ ነገር ይፈጥራል፤ ቀለሙ ከሥሩ ይለቅና በሰፋፊው ይነሳል። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ለዚንክ የተሠራ ፕራይመር ወይም በውሃ የሚቀጥን የአክሪሊክ ቀለም መጠቀም ነው። ሁለተኛው ቆርቆሮው አንድ ዓመት ያህል ዝናብና ፀሐይ አግኝቶ እስኪደበዝዝ መጠበቅ፣ ከዚያ በሳሙና አጥቦ መቀባት። ሁለቱን ብታጣምሩማ ይበልጥ ይይዛል።

ጊዜው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። የቡና ብር እጅ ላይ የሚኖርበት ወቅት ስለሆነ ለብዙ ሰው ይመቻል። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ አትጀምሩ። የዝናብ ውሃ ከጣሪያ አጠራቅማችሁ የምትጠጡ ከሆነ፣ እርሳስ እንደሌለበት ያላረጋገጣችሁትን ቀለም አታስነኩት።

እና ሒሳቡን አስቡት። ተራው ቆርቆሮ ሲገዛ ይረክሳል፤ ከዚያ ግን ፕራይመር አለ፣ ሁለት ቅብ ቀለም አለ፣ የባለሙያ አለ፣ ከዓመታት በኋላ እንደገና አለ። አንድ ጊዜ በደንብ ከተቀባና ሁለተኛውን ካሰባችሁ፣ ከአሉዚንክ ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት አብዛኛው ይጠፋል። በራሱ እጅ የሚቀባ ሰው ከሆነ ነገሩ ይለያል።

ለማን የትኛው?

የምትኖሩበት ቤት ከሆነና ዙሪያው ዛፍ ከሆነ፣ አሉዚንክ። መልክ የግድ ከሆነ ባለቀለም፣ ግን ሥሩ አሉዚንክ ወይም «ዜድ 275» መሆኑ በደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ። ሻጩ «አላውቅም» ካለ ቀጫጭኑን እንደሆነ ቁጠሩት። ለማድ ቤት ውድ ቆርቆሮ አታውጡ። የእንጨት ጭስና እንፋሎት ከውስጥ በኩል ነው የሚበላው፤ ከላይ ያለው ቀለም አይደርስለትም። ተራ ዚንክ ምቱና ጭስ መውጫውን አስፉት። በረትም እንዲሁ።

የመረጣችሁትን ሠራተኛው እንዳያበላሽባችሁ ደግሞ ቆማችሁ እዩ። ባለቀለምና አሉዚንክ ፍሌክስ በሚባለው የኤሌክትሪክ መቁረጫ አይቆረጥም፤ ፍንጣሪው ሽፋኑን ያቃጥላል፣ የብረቱ ብናኝ በማግስቱ ቡኒ ነጠብጣብ ይሆናል። የቆርቆሮ መቀስ ይበቃል። ሳይመታ ግቢ ውስጥ ተደራርቦ ዝናብ ካገኘው፣ በተለይ ተራው ዚንክ፣ ገና ጣሪያ ሳይወጣ ነጭ ዝገት ያበቅላል። ቤት ውስጥ አስገቡት።

አሸንዳውን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከባለቀለም ወይም ከአሉዚንክ ጣሪያ የሚወርደው ውሃ ዚንክ ሳይሟሟበት ንጹሕ ሆኖ ይደርሳል፤ ይህ ውሃ ያልተቀባ የዚንክ አሸንዳ ላይ ሲወርድ በተንጠባጠበበት ቦታ ቶሎ ይበሳዋል። አሮጌ ጣሪያ ቀይራችሁ የድሮውን አሸንዳ እንዳለ ለመተው ያሰባችሁ ከሆነ ተዉት፤ አሸንዳውም ኮልሞውም ከአዲሱ ጣሪያ ጋር አንድ ዓይነት ሽፋን ያለው ይሁን።