ከኮምቦልቻ የገዛሁት የባሕር ዛፍ ችግኝ

ኮምቦልቻ መንገድ ዳር ካለ ችግኝ ጣቢያ 50 ቀይ ባሕር ዛፍ ገዛሁ። ሥሩ ጥሩ ነው፣ ሻጩም ትሁት ሰው። ግን ደሴ ወስጄ ቅጠሉን ሳገላብጥ ደነገጥኩ፤ መሐል ጅማቱና ዘንጉ ላይ እብጥ እብጥ ብሏል፣ አንዳንዱ አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ወደ ሮዝ የሄደ፣ አንዳንዱ ደግሞ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ያለው። ከአውስትራሊያ የመጣች፣ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ የማትሞላ ተርብ ሥራ ነው። እንቁላሏን ቅጠሉ ውስጥ ትጥላለች። ትሉ እዚያው እብጠቱ ውስጥ ስለሚያድግ ላይ ላዩን መድኃኒት መርጨት እምብዛም አይረዳም፤ ለጋ ችግኝ ላይ ከበዛ ደግሞ ዕድገቱን ይቀጨዋል።

18ቱን ለይቼ አቃጠልኩ፣ አንጀቴ እያረረ። ስደውልለት ግን ሳያንገራግር ተካልኝ። ከ5 3 ሰጥቻለሁ። እዚያ የምትገዙ፣ ሳትከፍሉ በፊት ጅማቱን በጣታችሁ ዳብሱት።