በእጅ የሚያዘው የንፋስ መለኪያ፦ ከሰኔ እስከ ኅዳር በበቆሎና በጤፍ ማሳ

የገዛሁት ለርጭት ነበር። ቡሬ አካባቢ በቆሎና ጤፍ ነው የምናመርተው። ማሳዎቻችን የተጠጋጉ ስለሆኑ ንፋሱ ፀረ-አረሙን ወደ ሰው ሰብል ሲነዳው ጭቅጭቅ አይጠፋም። ዕቃው ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ትንሽ ፕሮፔለርና ስክሪን አለው፣ አለቀ።

ለርጭት ቆንጆ ነው። ከሰብሉ በላይ ከፍ አድርጌ ይዤ ትንሽ እጠብቃለሁ። በሰከንድ 4 ሜትር ገደማ ካለፈ መርጫዬን አወርዳለሁ። ማለዳ ዜሮ ሲያሳይ ግን እንዳትሸወዱ። ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቶ ሳለ ደቃቁ ጠብታ ቶሎ አይወርድም፤ ተንሳፍፎ ሌላ ቦታ ያርፋል።

ነገሩ የሚወሳሰበው ነሐሴ ላይ፣ በቆሎው ከሰው ቁመት ሲያልፍ ነው። ውስጥ ገብታችሁ ወገብ ላይ ብትይዙት ዜሮ ይላል። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ከዚያ ቅጠሉ ድንገት ይንኳኳል፤ ቁጥሩ ዘሎ ይወጣና ተመልሶ ዜሮ ይሆናል። ዕቃው አልተበላሸም። ከበቆሎው አናት በላይ ንፋሱ ፈጣን ነው፤ ከታች ደግሞ ቅጠልና አገዳ ይይዘዋል። ልዩነቱ የሚበረታው አናቱ ላይ ስለሆነ አየሩ እዚያ ይጠቀለላል። ራውፓክ፣ ፊኒጋን እና ብሩኔት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት ጥናት ይህን ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት የአየር ንብርብሮች ሲገናኙ ከሚፈጠረው ሽክርክሪት ጋር ያመሳስለዋል። ሽክርክሪቱ አንዴ ፈጣኑን አየር ወደ ታች ይወረውራል፣ አንዴ ውስጥ የታፈነውን እርጥብ አየር ወደ ላይ ያወጣል። በጤፍና በስንዴ ላይ የምናየው ማዕበልም የእሱ ዱካ ነው።

እዚህ ላይ መሣሪያው አቅም ያንሰዋል። ቀስ ያለ ንፋስ ፕሮፔለሩን አያንቀሳቅሰውም። ፊት ለፊት የሚመጣውን እንጂ ከላይ የሚወርደውን በደንብ አይለካም። አማካዩ ደግሞ ጨርሶ ያሳስታል፤ ሰብል ውስጥ ብዙው ሥራ የሚሠራው በእነዚያ አጫጭር ሽውታዎች ነውና። እውነቱን ለመናገር፣ በቆሎ ውስጥ የአየሩን መንገድ ለማየት የዕጣን ጭስ ይበልጠዋል። ጭሱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ ባንዴ ወደ ታች ሲጎተት ታያላችሁ።

ጤፍ ላይ የጠቀመኝ ከፍተኛውን ፍጥነት የሚይዘው ቁልፍ ነው። ዝናብ ያከበደውን ዘለላ የሚያጋሽበው የቀኑ አማካይ ንፋስ ሳይሆን ድንገተኛው ምት ነው፤ ዩሪያ የበዛበት ለምለም ጤፍማ አይተርፍም። በመስከረም መጨረሻ አማካዩ ረጋ ያለ በሚመስልባቸው ቀናት ከፍተኛው እጥፍ ሊሆን ሲቃረብ አይቻለሁ።

ጥንካሬው ደህና ነው። የበቆሎ አበባ ዱቄት ፕሮፔለሩ ሥር ይጠራቀማል፤ በለስላሳ ብሩሽ አጸዳዋለሁ። ስክሪኑ ግን ቀትር ላይ አይነበብም፣ ማንጠልጠያውም ቶሎ ተበጥሷል።

ሰብል ውስጥ በትክክል መለካት የፈለገ በድምፅ ሞገድ የሚሠራውን፣ ሦስቱንም አቅጣጫ በሰከንድ አሥርና ሃያ ጊዜ የሚለካውን ይፈልጋል። ያ በሺህ ዶላሮች የሚገዛ የተመራማሪ ዕቃ ነው። ለገበሬ ይሄኛው ይበቃል፤ ብቻ ስትገዙ ከፍተኛውን የሚይዝ ቁልፍ እንዳለው እዩ። አማካይ ብቻ የሚያሳየውን ተዉት።