ሕዋስ የሚስብበትን ጉልበት ለመለካት፦ ጄል ወይስ ለስላሳ ሲሊኮን?

ከሐረርም ከድሬዳዋም የሚደውሉልኝ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሕያው ሕዋስ የቆመበትን ለስላሳ ነገር በምን ያህል ኃይል እንደሚስብ ልንለካ ነው፤ የቱን እንግዛ?» መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ለእኛ ሙቀትና ለእኛ ኪስ የሚሆነው ለስላሳ ሲሊኮን ነው።

መለኪያው ራሱ ቀላል ነው። ለስላሳው ነገር ውስጥ ወይም ላዩ ላይ የሚያበሩ ጥቃቅን ዶቃዎች ይቀመጣሉ፤ ሕዋሱ ሲስብ ዶቃዎቹ ከቦታቸው ይሸሻሉ፤ ሕዋሱን በትሪፕሲን (ሕዋስን ከያዘው ነገር በሚያላቅቅ ኢንዛይም) ስናነሣው ይመለሳሉ። የሁለቱ ፎቶዎች ልዩነት ከመሬቱ፣ ማለትም ሕዋሱ ከቆመበት ለስላሳ ነገር፣ ጥንካሬ ጋር ተሰልቶ ኃይሉን ይሰጣል። ስሌቱን ኢሜጅ ጄ የተባለው የምስል መተንተኛ ፕሮግራም በነጻ ይሠራላችኋል። ስለዚህ ገንዘባችሁን የሚበላው ሕዋሱ የሚቆምበት ነገር ነው።

እኔ በመጀመሪያ የያዝሁት ጄሉን ነበር። ጄሉ የሚሠራበት ፖሊአክሪላማይድ ፕሮቲን በሚለይ ላቦራቶሪ መደርደሪያ ላይ ስለማይጠፋ «ይህስ በነጻ ነው» ብዬ ተደስቼ ነበር። ጄሉ ግን በራሱ ሕዋስ አይዝም። ሕዋስ የሚይዘው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን እንዲለጠፍበት ሰልፎ-ሳንፓ የሚባል፣ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚሠራ ማያያዣ ይፈልጋል፤ ወጪው የተደበቀው እዚህ ላይ ነው። 50 ሚሊ ግራም የያዘች ብልቃጥ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች። ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላሩ በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ዱቄቱ ያው ነው፤ ብሩ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ወረቀት ላይ ስታሰሉት አያስፈራም። በሚሊ ሊትር 0.5 ሚሊ ግራም በጥብጣችሁ ለአንድ ሳህን 0.2 ሚሊ ሊትር ሁለት ጊዜ ብታፈስሱ ብልቃጧ 250 ሳህን ታወጣለች። እኔ 31 ሳህን ሠርቼባት ሞተች። እሽጉ ድሬዳዋ የደረሰው አርብ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ አስመጪው የደወለልኝ ሰኞ ነው። በረዶው ቀልጦ፣ ካርቶኑ ርሶ፣ የደንገጎን ዳገት ይዤው ወጣሁ። ይህ ዱቄት ቅዝቃዜና ጨለማ ይሻል፤ ውሃ ከነካው ደግሞ ወዲያው መድከም ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ ሳህኖች ላይ ሕዋሳቱ ያዙ፤ ከዚያ በኋላ ጫፋቸው እየተጠቀለለ ተላቅቀው ይንሳፈፉ ጀመር። ሁለት ወር ሙሉ ጥፋቱን በሕዋሳቱ ሳሳብብ ከረምሁ። ገንዘቤንም የመለሰልኝ የለም።

ጄሉን ካልተውነው የምትሉ ሁለት ነገር ያዙ። የጄሉን ጥሬ ዕቃ፣ አክሪላማይዱን፣ በዱቄት መልክ ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ፤ ጄል ከመሆኑ በፊት ነርቭ የሚጎዳ መርዝ ነውና የተበጠበጠውን ውሰዱ። ጄሉን የሚያረጋው አሞኒየም ፐርሰልፌት ላይ ደግሞ ውሃ ስታደርጉበት ካልተንጣጣ አሮጌ ነው፤ ጄላችሁ አይረጋም።

ወደ ሲሊኮን ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1980 አልበርት ሃሪስና ባልደረቦቹ የሕዋስን ጉልበት ለዓይን ያሳዩት በስስ ሲሊኮን ላይ ነበር፤ ሕዋሳቱ ሽፋኑን እንደ ጨርቅ አጨማደዱት። ሲሊኮን ፍሪጅ አይፈልግም፤ እንደ ጄሉ አይደርቅም፤ አፍስሳችሁ ያረጋችሁት ሳህን ወራት ይቆያል። ኮላጅን ያለ ሰልፎ-ሳንፓ ይለጠፍበታል፤ ኮላጅኑንም ከአይጥ ጅራት በአሴቲክ አሲድ ራሳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። ለአንድ ሳህን 1 ግራም ሙሉ ብታባክኑ እንኳ ከአንድ ኪሎ 1,000 ሳህን ይወጣል። እኔን ያሸነፈኝ ይህ ቁጥር ነው።

ስትገዙ ግን ቁጥሩን አንብቡ። አንድ ወዳጄ ስሙ የታወቀ ነው ብሎ ሲልጋርድ 184 የተባለውን ሲሊኮን ገዛ፤ በተለመደው አሥር ለአንድ ቅይጥ ጥንካሬው 2 ሜጋ ፓስካል (2,000 ኪሎ ፓስካል) ገደማ ነው። ሕዋስ ቢስበው አይነቃነቅም፤ ዶቃዎቹም ከቦታቸው ውልፍት አላሉም። የሚፈለገው ሲልጋርድ 527 ነው፤ እኩል በእኩል ሲደባለቅ 5 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ይሆናል። ወዳጄ የገዛው ከንቱ አልቀረም፤ ሁለቱን እያመጣጠኑ መቀላቀል በመካከል ያለውን ጥንካሬ ይሰጣል።

በየገበያው የሚሸጠውን የመስኮት ማሸጊያ ሲሊኮን በርካሽነቱ አትመኙት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው አሴቲክ አሲድ እያወጣ ስለሚደርቅ ነው፤ ሕዋስ አይኖርበትም። እውነተኛውንም ስትቀላቅሉ የላቴክስ ጓንት አታድርጉ፤ በውስጡ ያለው ድኝ ሲሊኮኑን የሚያረጋውን ፕላቲነም ይይዘዋልና ሳምንት ብትጠብቁ እንደ ማር ተጣብቆ ይቀራል። እኔ በዚህ ብቻ ሩብ ኪሎ ደፍቻለሁ።

ሲሊኮን የሚያደክማችሁ ዶቃው ላይ ነው። ጄል ውስጥ ዶቃው አብሮ ይረጋል፤ ሲሊኮን ላይ ግን መሬቱን በኬሚካል አዘጋጅቶ ከላይ ማጣበቅ ያስፈልጋል፤ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ከ1 ኪሎ ፓስካል በታች፣ እንደ አንጎል የለሰለሰ መሬት ከፈለጋችሁም ጄሉ ይሻላል። ሕዋሱ ሲስባቸው በመታጠፋቸው ኃይሉን ስለሚለኩ ጥቃቅን የሲሊኮን ምሰሶዎች የምትጠይቁኝ አላችሁ፤ ቅርጻቸው ከአቧራ በጸዳ ልዩ ክፍል ስለሚሠራ፣ ሲደርቁም እርስ በርሳቸው ስለሚጣበቁ እዚህ አልመክራቸውም።

ዶቃ ለሁለቱም ያስፈልጋል፤ አስመስሎ የተሠራ ዕቃም የሚበዛው በእሱ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ጥቂት ጠብታ በፈጣን ማሽን አሽከርክራችሁ ከላይ የቀረውን ውሃ እዩ፤ የሚያበራ ከሆነ ቀለሙ ይለቃል፤ ሕዋሱ ራሱ እያበራ ፎቶውን ያበላሽባችኋል። በረዶ ሆኖ የቀለጠ ዶቃም ይጓጉላል፤ በነጻ ቢሰጧችሁ እንኳ አትቀበሉ።

ጥንካሬውን ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው አትገልብጡ። ከዚያው ቅይጥ ወፍራም አድርጋችሁ አፍስሱና ላዩ ላይ 1 ሚሊ ሜትር የብረት ኳስ አስቀምጡ፤ 3 ኪሎ ፓስካል ከሆነ ከ40 እስከ 50 ማይክሮ ሜትር ይሰምጣል፤ ምስሉን በሚያጠራው የማይክሮስኮፑ እጀታ ይለካል። እንዳይጣበቅ ጥቂት ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ ይሁን።

እኔ ዘንድ ግማሽ ኪሎ የሚሆን 527 አለ። ከመግዛታችሁ በፊት መሞከር የምትፈልጉ መስታወታችሁን ይዛችሁ ሐረር ኑ፤ አብረን እናፈስሳለን። ጓንታችሁ ናይትራይል ይሁን።