እናቴን ከደላስ ኤርፖርት ሬገን ኤርፖርት ላሻገረልኝ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ (ሹፌር ለምትፈልጉም ጥቆማ)

ሰላም ወገኖቼ እንዴት ናችሁ፣ እኔ ብዙ ጊዜ የሰው ጽሁፍ አንብቤ ላይክ አድርጌ የማልፍ ሰው ነኝ፣ ይሄን ግን ሳልጽፍ ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። እናቴ ባለፈው ሳምንት ኮሎምበስ ኦሃዮ ቤቴ በሰላም ገብታለች፣ አሁን ይሄን ስጽፍ ሶፋው ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ከልጄ ጋር ካርቱን እያየች ነው፣ እሷን ባየሁ ቁጥር ያ ሹፌር ትዝ ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትኬቱን የቆረጠልኝ ሰው "አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን፣ ኮሎምበስ፣ አንድ ኮኔክሽን ብቻ ነው፣ መሀል ላይ አምስት ሰዓት አላት፣ ቡናዋን ጠጥታ ትሳፈራለች" ነው ያለኝ። ቡናዋን ጠጥታ! እኔ ደግሞ ዋሽንግተን ያው ዋሽንግተን ነው ብዬ ከፈልኩ። ልትመጣ አምስት ቀን ሲቀራት ማታ አልጋ ውስጥ ሆኜ ትኬቱን ስልኬ ላይ አጉልቼ ሳየው መድረሻው ጋ አይኤዲ ይላል፣ መነሻው ጋ ዲሲኤ ይላል። ለካ የምታርፈው ደላስ ነው (የቴክሳሱ ዳላስ አይደለም)፣ ወደ እኔ የምትነሳው ግን ከሬገን ናሽናል ነው። ባለቤቴን ቀስቅሼ "እናቴን ሜዳ ላይ ሊጥሏት ነው" አልኩት።

ለማታውቁት፣ ዲሲ አካባቢ ኤርፖርቱ ሦስት ነው። ደላስ ቨርጂኒያ ውስጥ ከከተማው ወደ ምዕራብ ርቆ ያለው ነው፣ የኛ አየር መንገድ ከአዲስ መጥቶ የሚያርፈው እዛ ነው። ሬገን አርሊንግተን ፖቶማክ ወንዝ ዳር ነው፣ ከዲሲ ወንዙን መሻገር ብቻ ነው። ሦስተኛው ሜሪላንድ ባልቲሞር ጋ ነው። ከደላስ ሬገን በመኪና ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እና አሜሪካ ስትገቡ ደግሞ መጀመሪያ ያረፋችሁበት ኤርፖርት ላይ ኢሚግሬሽን ጨርሳችሁ ሻንጣችሁን ራሳችሁ ተቀብላችሁ ነው በጉምሩክ የምትወጡት፣ ስለዚህ ሻንጣው ራሱ ወደ ሌላ ኤርፖርት አይሄድላችሁም። እናቴ 72 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ሁለት ሙሉ ሻንጣ ይዛለች፣ እንግሊዝኛዋ "ታንኪው" ላይ ያበቃል።

ትኬት ቆራጩ ጋ ስደውል "ሲስተሙ ነው ያወጣው እህቴ፣ ወረቀቱ ላይ እኮ ተጽፏል" አለኝ። ሳትነግረኝ ለምን ብለው ዝም፣ ለመቀየር ግን 600 ዶላር። ሌላ ስልክ ደወልኩ፣ ሙዚቃ ሲያሰሙኝ ቆይተው ከኤርፖርት ኤርፖርት መሄጃው የተሳፋሪው ጉዳይ ነው አሉኝ። አንዷ ጓደኛዬ በባቡር ትሂድ አለችኝ። እውነት ነው ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ ሲልቨር ላይን የሚባለው ባቡር ደላስ ድረስ ይገባል፣ ሮዝሊን ጣቢያ ወርዶ ብሉ ላይን ይዞ ሬገን መድረስ ይቻላል፣ ቦርሳ ጀርባው ላይ ጣል አድርጎ ለሚሄድ ወጣት ግሩም ነው፣ እናቴ ግን ሮዝሊን የሰው ስም ነው የሚመስላት።

እኔን ያስፈራኝ ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት አክስቴ እንደዚሁ ልትሸጋገር ሰው የጠቆመንን ሹፌር ይዘን ነበር፣ ስሙን አላነሳም፣ ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ። ገንዘቡን አስቀድማችሁ ላኩ አለ፣ ላክን። ሰዓቱ ሲደርስ ስልክ አያነሳም። አርፍዶ መጣና መንገድ ላይ መኪናውን ዳር ይዞ "ሻንጣው በዝቷል፣ 60 ዶላር ጨምሩ" ብሎ አክስቴን አስፈራራት፣ ከዛ በር ላይ አውርዷት "እዛ ጋ ግቢ" ብሏት ሄደ። እዛ ጋ የት ነው? በረራው አመለጣት፣ ሌሊቱን ነጠላዋን ለብሳ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አደረች። እስከ ዛሬ ስታወራው እንባዋ ይመጣል፣ እኔም ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

እና በዚህ ጭንቀት ላይ እያለሁ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እህት "ዲሲ አንድ ልጅ አለ፣ እናቴን ያመጣልኝ እሱ ነው" ብላ ስልኩን ሰጠችኝ። "ልጅ" አለችኝ እንጂ ሃምሳ አይጠፋውም። ደወልኩ። ዋጋ ከመናገሩ በፊት የጠየቀኝን ስሙልኝ፣ "እናታችን ስኳር ወይ ደም ግፊት አለባቸው? መድሃኒታቸው በእጅ ቦርሳ ይሁን፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳታስገቡት። ዊልቸር አዛችኋል? አላዘዛችሁም? በይ አሁኑኑ ደውይና አስመዝግቢ፣ ዊልቸር የያዘ ሰው ሰልፉም ይቀልለታል፣ ብቻቸውንም አይሆኑም።" ከዛ "ማንበብ ይችላሉ?" አለኝ። አማርኛ ብቻ ነው አልኩት። "እሱ ይበቃል" አለኝ። ለምን እንደጠየቀኝ አልገባኝም ነበር።

በመጣችበት ቀን ጠዋት እኔ ሥራ መሄድ አልቻልኩም፣ ስልኬን ይዤ ኩሽና ውስጥ እዞራለሁ። አውሮፕላኑ ካረፈ አንድ ሰዓት ሞላው የለችም፣ አንድ ሰዓት ተኩል የለችም፣ የሷ ስልክ እዚህ አይሠራም። እሱ ግን በየሃያ ደቂቃው ይጽፍልኛል፣ "ገና ነው፣ ሰልፉ ነው፣ አትጨነቂ፣ በሩ ላይ ነኝ።" እናንተዬ ያቺ "በሩ ላይ ነኝ" የምትለዋ ቃል ምን ያህል እንዳሳረፈችኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እሷ ናት የነገረችኝ፣ በየቀኑም ትደግመዋለች። ከአውሮፕላኑ ወርደው ቤት የሚያክል መኪና ውስጥ አስገቧቸው፣ የጣት አሻራዋን አነሷት፣ ቋንጣዋን ወሰዱባት (ሥጋ አይገባም ብያት ነበር፣ አልሰማችም፣ በርበሬውና ሽሮው አልፏል ተመስገን)፣ ከዛ ዊልቸሩን የሚገፋው ሰው ይዟት በሩ ሲከፈት ሕዝቡ ወረቀት ይዞ ቆሟል፣ ሁሉም ፈረንጅኛ። መሀል ላይ አንድ ሰው የካርቶን ቁራጭ ከፍ አድርጎ ይዟል፣ በወፍራም ማርከር በፊደላችን "እናታችን እንኳን ደህና መጡ" ተጽፎበታል።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያኔ ልጅ አዝላ ማታ ማታ እንጀራዋን ጋግራ ጨርሳ ነበር የምትሄደው፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እያስቆጠሩ ነው ያስተማሩን ትላለች፣ አሁንም ስታነብ ድምጽ አውጥታ አንድ በአንድ ነው። እና ደላስ በር ላይ "እ... ና... ታ... ች... ን" ብላ ማንበብ ስትጀምር የሚገፋት ሰውዬ የምትጸልይ መስሎት ቀጥ ብሎ ቆመላት! እስክትጨርስ አልተንቀሳቀሰም። "መጡ" የምትለው ላይ ስትደርስ አለቀሰች። ሹፌሩም ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳማት።

መኪና ውስጥ ፔርሙዝ አውጥቶ ቡና ቀዳላት፣ ባለቤቱ ናት ሌሊት ተነስታ ያፈላችው፣ ጤና አዳም ሁሉ አለው። ያ ትኬት ቆራጭ ቡናዋን ጠጥታ ትሳፈራለች ያለው እውነት ሆነ፣ የሱ ግን አይደለም ቡናው። በቪዲዮ አገናኘን፣ እሷ በመስኮት ፖቶማክን እያሳየችኝ "ከተማሽ እንዲህ ያለ ወንዝ አለው እንዴ፣ ደረስኩ እኮ" ትለኛለች። ኧረ እማዬ ገና ነሽ ስላት "ታዲያ ይሄ ሁሉ ምንድነው" ብላ ተናደደች።

ሬገን ሲደርሱ እኔ አክስቴን እያሰብኩ ሆዴ ተንቦጫቦጨ። እሱ ግን በር ላይ አልጣላትም። መኪናውን ፓርኪንግ አስገብቶ፣ ሻንጣዋን ራሱ አስመዝኖ፣ ዊልቸር አስመጥቶ፣ ካውንተሩ ላይ መታወቂያውን ሰጥቶ ጌት ፓስ የሚሉትን አስወጥቶ (እኔ ላልተሳፈረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንዳለም አላውቅም ነበር) ፍተሻውን አብሯት አልፎ ጌቱ ድረስ ሄዶ አጠገቧ ቁጭ አለ። እስክትሳፈር ድረስ! ያን ሰዓት ስንት ሰው ጭኖ ስንት ብር ይሠራበት ነበር። ልትገባ ስትል ያቺን ካርቶን ገልብጦ ጀርባዋ ላይ በእንግሊዝኛ "አማርኛ ነው የምናገረው፣ ኮሎምበስ ልጄ እየጠበቀችኝ ነው፣ እባካችሁ እርዱኝ" ብሎ የኔን ስልክ ጽፎ እጇ ላይ አስያዛት። ኮሎምበስ በሩ ሲከፈት ካርቶኗን ደረቷ ላይ እንደ ታቦት ይዛ ነው የመጣችልኝ።

ማታ ልክፈልህ ብዬ ስደውል ከተስማማንበት አስር ዶላር ቀንሶ ነገረኝ። 66 የሚባለው መንገድ ጠዋት በአሜሪካ ሰዓት ከ9 ሰዓት ተኩል በፊት ክፍያ አለው፣ እናታችን ስለዘገዩ አልከፈልኩም፣ የሂሳቡ አካል አድርጌው ስለነበር ይቀነሳል አለኝ። ስለ መንገዱ ያስረዳኝ ብዙም አልገባኝም፣ ሰው በዚህ ዘመን አስር ዶላር ሲመልስ ግን ይገባኛል።

ስለዚህ እባካችሁ እባካችሁ፣ በዲሲ በኩል እናት አባት የምታስመጡ፣ መጀመሪያ ትኬታችሁ ላይ የኤርፖርቱን ስም እዩ፣ ዋሽንግተን ስለተባለ አንድ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ኤርፖርት የሚያቀያይር ከሆነ ደግሞ ይሄን ሰው ያዙ፣ ሌላ ጋ አትድከሙ፣ እኔ ደክሜላችኋለሁ። "ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፊው፣ ለሚፈልግ ሰው ብቻ ስጪ" ስላለኝ ነው ስልኩን እዚህ ያልጻፍኩት፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ እልክላችኋለሁ። ቢያንስ ሦስት አራት ቀን አስቀድማችሁ ደውሉለት፣ የበረራ ቁጥሩንና የምትለብሰውን ልብስ ፎቶ ይጠይቃችኋል። "የካርቶኗ እናት ልጅ ናት የላከችን" በሉት፣ እሱ ያውቃል። ካርቶኗ እዚህ ፍሪጅ ላይ ናት፣ ልጥላት ብል እናቴ ተቆጣችኝ።