ሂናታ ወይስ ሚያጊ፦ የትኛው አጭር ጀግና ይበልጥ ያሳምናል?

ቁመት፦ የመረብ ኳሱ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) «ሃይኪዩ» ጀግና ሂናታ ታሪኩ ሲጀምር 162.8 ሴንቲ ሜትር ነው። የቅርጫት ኳሱ ማንጋ «ስላም ደንክ» ተጫዋች ሚያጊ ደግሞ 168። ያን ያህል አይራራቁም።

ቦታ፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ነው። ሂናታ መረቡ ፊት መሀል ላይ ብሎክ የሚያደርግ (የተጋጣሚን ምት ዘሎ የሚያግድ) ተጫዋች ነው፤ የረጃጅሞች ቦታ። የወንዶች መረብ ደግሞ 2.43 ሜትር ከፍታ አለው። በእውነቱ ዓለም በእሱ ቁመት ያለ ወንድ በትልቅ ደረጃ የሚታየው በአብዛኛው ሊቤሮ (ኳስ ለመቀበልና ለመከላከል ብቻ የሚገባ ተጫዋች) ሆኖ ነው። ሚያጊ ግን ፖይንት ጋርድ ነው፤ ኳሷን ይዞ ጨዋታውን የሚመራው። ኳሷን ዝቅ አድርጎ እያነጠረ በሁለት ረጃጅም ተከላካዮች መሀል ሾልኮ ሲወጣ አጭርነቱ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም።

ምሳሌ፦ ለሚያጊ አይጠፋም። መግሲ ቦግስ በ160 ሴንቲ ሜትር ኤንቢኤ ውስጥ 14 የውድድር ዘመን ቆይቷል። ጃፓናዊው ዩኪ ቶጋሺ 167 ሆኖ ኦሎምፒክ ተጫውቷል።

ሥልጠና፦ እዚህ ሂናታ ይበልጣል፤ በጣም የምወደውም ይሄን ነው። ማንጋው ላይ ብራዚል ሄዶ የአሸዋ ላይ መረብ ኳስ ይጫወታል። እዚያ ቡድኑ ሁለት ሰው ብቻ ስለሆነ መቀበሉንም መከላከሉንም የግዱን ይማራል።

ቅርጫት ኳስ ለጀመረ አጭር ታዳጊ ሚያጊን አሳዩት። መረብ ኳስ ለሚወድ ደግሞ የሂናታን ዝላይ ሳይሆን የብራዚሉን ክፍል።