ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ፎርም ቤት፦ ለአይ-864 ብሩ ያዋጣል ወይ?

ባሌን ከሐዋሳ ለማምጣት የጀመርኩት ፕሮሰስ ኤንቪሲ (የአሜሪካ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል) ደርሶ የስፖንሰር ሰነድ፣ ማለትም የማመጣውን ሰው በገቢዬ እደግፋለሁ ብዬ የምፈርመውን አይ-864 ሲጠይቀኝ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አንድ የሐበሻ ፎርም ቤት (ፎርም የሚሞላ ቢሮ) ሄጄ አስሞላሁ። ስሙን አልጠራም። የማመሰግነውም የምነጫነጭበትም ነገር አለኝ፣ ሐበሻው ደግሞ እርስ በርሱ ይተዋወቃል።

መጀመሪያ ዋጋው። አይ-864ን ለመሙላት 350 ዶላር ያስከፍላሉ። ገቢውን የሚያዋጣ የቤተሰብ ሰው ከተጨመረ ሌላ 100። ለመንግሥት የሚከፈለው ከዚህ ውጪ ነው፤ ለስፖንሰር ሰነዱ 120፣ ለቪዛ ማመልከቻው 325 ዶላር በኦንላይን ራሳችሁ ትከፍላላችሁ።

መግቢያው ላይ የተቀመጠችው ልጅ ስልኳን ከጆሮዋ ሳታነሳ «ዓመታዊ ገቢሽ ስንት ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ከ26 ሺህ ካለፈማ ችግር የለም» ብላ ወደ ወሬዋ ተመለሰች። ቁጥሩን ከኪሷ አላወጣችውም። በ2025 መስፈርት ለሁለት ሰው የሚጠየቀው 26,437 ዶላር ነበር፤ የፌዴራሉ የድህነት ወለል በ125 ፐርሰንት ሲሰላ ማለት ነው። ግን ልጅ እንዳለኝ አልጠየቀችኝም። እኔ፣ ባሌና ልጄ ሦስት ነን። ለሦስት ሰው 33,312 ነበር። እሷን ሰምቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው አይጠፋም ብዬ እፈራለሁ።

ሥራውን የሚያውቁት ውስጠኛው ክፍል ያሉት ሴትዮ ናቸው። ገና ከመቀመጤ «ልጄ፣ ታክስሽን አምጪ» አሉኝ። እስክሪብቷቸውን 1040 (ዓመታዊው የታክስ ፎርም) ላይ ዘጠነኛው መስመር ላይ አሳረፉ፣ አጠቃላይ ገቢ የሚለው ላይ። 27,880 ይላል።

እኔ ግማሽ ቀን ሆስፒታል ኩሽና እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ኡበር እነዳለሁ። በ2024 ከሆስፒታሉ 24,000 አገኘሁ። ከኡበር የመጣው 1099 (የዓመቱን ክፍያ የሚያሳይ ወረቀት) ላይ ደግሞ 19,600 ተጽፏል። ሁለቱን ደምራችሁ 43,600 አላችሁ አይደል? ሴትዮዋም የመጣ ሰው ሁሉ እንደዚያ እንደሚደምር ነገሩኝ። 1099ኙን ወደ ጎን ገፋ አድርገው «ይሄ የኡበር ብር ነው እንጂ ያንቺ አይደለም» አሉ። ከዚያ ስኬጁል ሲን (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበትን የታክስ ቅጽ) ገልጠው መስመር በመስመር አሳዩኝ። ኡበር የቆረጠው 5,000 ወጣ። የነዳሁት 16,000 ማይል በ67 ሳንቲም ሲባዛ 10,720 ሆኖ ወጣ። የቀረው 3,880 ነው። ኤምባሲ የሚያየው ይህንኑ ነው። ታክስ ሲሠራ ማይሉ በዛ ብለን ደስ ይለናል፣ ስፖንሰር ለመሆን ስንመጣ ያው ማይል ይበላናል። ኡበር ለምትነዱ ሁሉ የምጽፈው በተለይ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለሦስት ሰው ከሚጠየቀው 5,432 ጎደለኝ። ሴትዮዋ መንገዶቹን አንድ በአንድ አወጡልኝ። አንዱ ሀብት ነው። እኔ ዜጋ ስለሆንኩና የማመጣው ባሌን ስለሆነ የጎደለውን ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 16,296 ዶላር ማሳየት ይበቃል። ግሪን ካርድ ላለው ግን አምስት እጥፍ ነው። «መኪናዬስ?» አልኳቸው። ሁለተኛ መኪና ካለሽ ያኛው ይቆጠራል፣ የምትነጂው አይቆጠርም አሉኝ። ባሌ ሐዋሳ ያለውን ቤት ሳነሳ ሳቅ አሉ። የሱም ሀብት ይቆጠራል፣ ግን በዓመት ውስጥ ወደ ገንዘብ መቀየር የሚችል መሆን አለበት። «ቤቱ ይሸጥ እንበል፣ ብሩ ዶላር ሆኖ እንዴት ይወጣል?» እኔም ሳቅኩ። የባንክ ወረፋውን እናውቀዋለን።

ሁለተኛው ጆይንት ስፖንሰር ነው፣ በራሱ ገቢ ተጨማሪ ስፖንሰር ሆኖ የሚፈርም ሌላ ሰው ማለት ነው። ቤተሰቡ በሙሉ የጠቆመኝ አጎቴን ነበር፤ ቤት አለው፣ 58,000 ያገባል። ሴትዮዋ የሱን ቤተሰብ ቆጠሩ። ሚስትና አራት ልጆች፣ ከራሱ ጋር ስድስት። ባሌ ሲጨመር ሰባት። ለሰባት ሰው 60,812 ያስፈልግ ነበር። አጎቴ አያልፍም። ቤቱን በሀብት ማስገባት ይቻል ነበር፣ ግን የቤት ግምትና የብድር ወረቀት እያልኩ እሱን ማስቸገር አልፈለግኩም።

የተገኘው መፍትሔ ታናሽ ወንድሜ ነው። አብሮኝ ይኖራል፣ ደብሊው-ቱው (አሠሪው ዓመታዊ ደሞዙን የሚጽፍበት ወረቀት) 46,000 ነው። አንድ ቤት ስለምንኖር አይ-864 ኤ የሚባለውን የቤተሰብ አባል ውል ፈርሞ ገቢውን ከገቢዬ ጋር ማዋጣት ይችላል። እሱም ስለሚቆጠር ቤቱ አራት ሰው ሆነ፣ የሚጠየቀው ወደ 40,187 ከፍ አለ። የሁለታችን 73,880 ነው፣ ሰፊ ነው።

ከዚህ ቤት በጣም የወደድኩት ቀጥሎ የሆነውን ነው። ወንድሜን በስልክ ፈርም ብለው አልለቀቁትም። ና ብለው አስቀምጠው ምን እንደሚፈርም ነገሩት። የመጣው ሰው ዜጋ እስኪሆን ወይም 40 ኳርተር (በሩብ ዓመት የሚቆጠር የሥራ ጊዜ) እስኪሠራ ድረስ ውሉ ይቆያል፣ በደንብ ከተቆጠረ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ነው። «ቢፋቱም ያው ነው» ሲሉት ወንድሜ ዞሮ አየኝና «እንግዲህ ተስማምታችሁ ኑሩ፣ እኔን አታስበሉኝ» አለ። ፈረመ። ሌላ ቦታ ዝም ብለው «እዚህ ጋ ፈርም» የሚሉ እንዳሉ ከሰው ሰምቻለሁ።

ሌላም አለ። ባሌ ድሮ የቱሪስት ቪዛ ተከልክሎ ነበር። ያንን ሳነሳ «እኛ ጠበቃ አይደለንም፣ ይህን ለጠበቃ ጠይቂ» ብለው አቆሙ። ቢቀባጥሩ ነበር የምፈራቸው።

አሁን ቅሬታዬ። የታክስ ትራንስክሪፕት (ያስገባሁትን ታክስ የሚያሳይ ማጠቃለያ) አውጥተንልሻል ብለው 40 ዶላር ጨመሩ። ይህ አይአርኤስ (የታክስ መሥሪያ ቤቱ) ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍታችሁ በነጻ የምታወጡት ነገር ነው። ሒሳቡ ላይ ሳየው ጠየቅኩ፤ «የሰርቪስ ነው» ተባልኩ። ስንከራከር 20 ቀነሱልኝ፣ ግን መጀመሪያውኑ ሊነግሩኝ ይገባ ነበር። ቀጠሮ ደግሞ ለስሙ ነው። አራት ሰዓት ተብዬ ወደ አምስት ተኩል ገባሁ። ቡና ግን አለ፣ የጀበና ባይሆንም።

ለማን ያዋጣል? ደብሊው-ቱ ብቻ ካላችሁ፣ የምታመጡት አንድ ሰው ከሆነና ገቢያችሁ በግልጽ የሚያልፍ ከሆነ 350 ዶላር አትክፈሉ። አይ-864 ኢዜድ የሚባል አጭር ፎርም አለ፣ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ትጨርሱታላችሁ። ኡበር የምትነዱ፣ የራሳችሁ ሥራ ያላችሁ ወይም የሌላ ሰው ገቢ የምትጨምሩ ከሆናችሁ ግን ሂዱ። ትራንስክሪፕቱን አስቀድማችሁ አትማችሁ ያዙ። መግቢያው ላይ ያለችውን ልጅ ሰላም ብላችሁ እለፏት፣ ጥያቄያችሁን ለሴትዮዋ አቆዩ። ቅዳሜ ጠዋት ግን አትሞክሩት፣ ከታች ያለው ፓርኪንግ ገና በጠዋቱ ይሞላል።