ሦስት ዋጋ የሚጽፈው እህል ቤት

እንጀራ ጋግሬ ነው የምተዳደረው። ሁለት ምግብ ቤቶችና የሰፈሬ ሰዎች ደንበኞቼ ናቸው። በወር አራት ኩንታል ጤፍ ይፈጅብኛል፣ ፆም ሲገባ አምስት። ስለዚህ እህል ቤት ስመርጥ አልቀልድም።

አዳማ ገበያ ጀርባ ያለውን ይህን ቤት ያሳየችኝ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ የተዋወቅኳት ሴት ናት። በፊት የምገዛበት ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ኩንታል ብሎ የሸጠኝን ወፍጮ ቤት ብናስመዝነው 94 ኪሎ ሆነ። ተመልሼ ስጠይቅ «ጤፉ ደርቆ ነው» አሉኝ። በአንድ ሌሊት!

እዚህ ግን ሚዛኑ ደጅ ላይ ነው፣ ቁጥሩን ራሳችሁ ታነባላችሁ። ከሚዛኑ በላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። በየጠዋቱ በጠመኔ ሦስት ዋጋ ይጻፍበታል፦ እህሉ የተነሳበት ቦታ፣ አዲስ አበባ እህል በረንዳ፣ አዳማ። ስንዴው ከአሰላ፣ ጤፉ ብዙ ጊዜ ከምንጃር ነው። መጀመሪያ ሳየው ገረመኝ። ነጋዴ መነሻ ዋጋውን ይደብቃል እንጂ ደጁ ላይ ይሰቅላል?

«ጋሼ፣ ይህን እየጻፉ ምን ያተርፋሉ?» አልኳቸው ባለቤቱን።

«ልጄ፣ ስልክ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። ማንን ልደብቅ? መሃል ላይ ያለው ጭነቱ፣ ማውረጃው፣ ጆንያው ነው። የእኔም ትንሽ አለችበት።»

ባለፈው ማክሰኞ በምንጃርና በአዳማ ጤፍ መካከል የነበረው ልዩነት በኩንታል 300 ብር ነው። ቤቴ ገብቼ በጣቴ አሰላሁት፣ አልተበላሁም።

ጋሼ ወጣት ሳሉ ከአጎታቸው ጋር እህል ይነግዱ ነበር፣ በደርግ ጊዜ። ያኔ የመንግሥቱ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተተመነ ዋጋ ይገዛል። ገበሬው ኮታ አለበት፣ ነጋዴውም ከገዛው ላይ ለድርጅቱ ያካፍላል። ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ለማለፍ ኬላ አለ። «አንዱ ጋ እህል ተርፎ ይረክሳል፣ ማዶ ደግሞ ሰው በውድ ያጣዋል» ይላሉ። እናቴም ታወራው ነበር። ከምንጃር ዘመዶቿ የላኩላትን ግማሽ ኩንታል ጤፍ ኬላ ላይ አስወርደው አስቀሩባት። «ለልጆቼ ነው» ብትል ማን ሰምቷት። እስክትሞት ድረስ ስለዚያ ጆንያ ስታወራ ድምጿ ይቀየር ነበር።

በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታውም ኬላውም ተነሳ። ከዚያ በኋላ በከተሞች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት እየጠበበ መጣ። ኋላ ሞባይሉ ተጨመረበት። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲከፈት በቆሎና ስንዴም እዚያ ይገበያያሉ ተብሎ ነበር። ቡናና ሰሊጥ ወሰዱት እንጂ የእኔ ጤፍ ዛሬም በደላላ እጅ ነው የሚመጣው።

ገበያው ተያያዘ ማለት ግን ሁሌ ደግ ነው ማለት አይደለም። ጋሼ 1994ን አይረሱም። በቆሎ ተትረፈረፈ፣ ዋጋው ሁሉም ጋ አብሮ ወደቀ። ዋጋው የማሰባሰቢያውን እንኳ አልሸፍን ብሎት ማሳ ላይ የተወው ገበሬ ነበር። በዓመቱ ድርቅ መጣ። «ወዴት ጭነህ ትሸጠዋለህ? ሁሉም ጋ ያው ነው» አሉኝ። አሁን ደግሞ የሆነ መንገድ ሲዘጋ ሰሌዳው ቀድሞ ይናገራል። መነሻው ቦታ ዋጋው ይወርዳል፣ አዳማ ይወጣል። እኔ ያን ቀን አልገዛም፣ ካለኝ እቆጥባለሁ።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ማኛው ንጹህ ነው፣ ሰርገኛው ግን ሁለት ጊዜ አፈር ነበረበት። ሁለተኛውን ቀየሩልኝ፣ የመጀመሪያውን ነፍቼ ጨረስኩት። ዱቤ የለም፣ እንዳትለምኑ። ቤት ድረስ እናደርሳለን ይላሉ። ባጃጁ ግን «መጣሁ» ካለ በኋላ ሦስት ሰዓት ሊያስጠብቅ ይችላል። መቆሚያ ጥላ የለም፣ የአዳማን ፀሐይ ታውቁታላችሁ።

ቤታችሁ ማስቀመጫ ካለ የዓመቱን በጥር ግዙ፣ አውድማ ሲነሳ። በነሐሴ ያው ጤፍ ሌላ ዋጋ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ግን አትሂዱ። የአሰላው መኪና የሚያራግፈው ያን ጊዜ ስለሆነ ማንም ቀና ብሎ አያያችሁም።